ሎቢው ውስጥ የቆመችው ትንሽ ቤት

ባለፈው ሳምንት ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ፣ የገበያ አዳራሹ ውስጥ፣ አንዲት ሻጭ ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር የሚል ሳሙና አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችልኝ። ዘና ያደርጋል አለችኝ። እኔን ግን አንገሸገሸኝ። በልጅነቴ በጽዳት የሠራሁበት ሆቴል ከመግቢያው እስከ መጸዳጃ ቤቱ የሚሸተው እንዲህ ነበር።

በሰማንያዎቹ ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ውጭ የሲያትል ዝናብና የአውቶቡስ ጩኸት፣ ውስጥ ደግሞ የታይላንድ ቤተ መንግሥት ነኝ የሚል ሆቴል። ጥቁር እንጨት፣ ወርቅ የተቀባ ጣሪያ፣ የሐር ትራስ፣ በየጥጉ የእንጨት ዝሆን። ጧቴ የሚያልፈው ዝሆን ስወለውል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ታይላንድን የሚያውቃት ለአንድ ሳምንት ሽርሽር ሄዶ ነው። በዚያችው ሳምንት እውቀቱ መዳፍ ገጥሞ እጅ መንሣት ያስተምረን ነበር፤ እኛን፣ የሐበሻ ልጆችን! እንግዶቹም አምነው አጸፋውን ይመልሳሉ። ምን ልበልህ፣ ከልቤ እንቃቸው ነበር።

በሕንፃው ውስጥ የነበሩት ብቸኛዋ እውነተኛ የታይላንድ ሰው ምድር ቤት ወርደው አንሶላ ያጥቡ ነበር። ጠና ያሉ፣ እንፋሎት እጃቸውን ያቀላው ሴትዮ ናቸው። ስለ አገራቸው አንድ ነገር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሎቢው መሀል በአንድ እግር የቆመች፣ የእርግብ ቤት የምታህል የእንጨት ቤት ነበረች። ሥራ አስኪያጁ ለጌጥ ብሎ ነው ያቆማት። እንግዶቹ የሲጋራ አመድ ያራግፉባታል፣ ማስቲካ ይለጥፉባታል። ሴትዮዋ በየማለዳው ሥራ ሳይገቡ አመዱን ይጠርጉና ጥቂት ሩዝና ቀይ ለስላሳ በትንሽ ብርጭቆ ያስቀምጡባታል። ለማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ለቦታው ጠባቂ መንፈስ» አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ቤት ሠርተው ጠርተውታል። ታዲያ ጾሙን ይደር?»

እንግዳ ጠርቶ አለማብላት እኛም ቤት ነውር ነው፤ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሩዙን ሳልነካ ዙሪያውን ብቻ እየወለወልኩ አልፍ ነበር።

በኋላ ሥራ አስኪያጁ ከጽዳት አንሥቶ የሐር ቀሚስ አልብሶ በር ላይ ሊያቆመኝ ቃል ገባልኝ። ያን ቀሚስ እንዴት እንደተመኘሁት! በዚያው ሳምንት አንድ ጧት ቤቲቱ ላይ ጉንዳን አየና ጠራኝ።

«ይህን ቆሻሻ ማነው የሚያስቀምጠው?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ቀሚሱ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። «ምድር ቤት ያሉት፣ ልብስ አጣቢዋ» አልኩት።

በማግስቱ ሴትዮዋ አልመጡም። አብራኝ የምትሠራው የአዲስ አበባ ልጅ በመኪናዋ ወደምኖርበት ዴ ሞይን ስትመልሰኝ፣ «ሶ፣ አንቺን ፕሮሞት አደረጉሽ፣ እሳቸውን ፋየር አደረጓቸው። ኦኬ» አለችኝ። ጠርቶ የጠየቀኝን ስነግራት ደግሞ፣ «አላውቅም ብትዪው ምን ትሆኚ ነበር?» አለችኝ።

ሁለት ዓመት መዳፌን ገጥሜ በዚያ በር ላይ ቆምኩ። «ባንኮክ ናፈቀሽ?» ይሉኛል እንግዶቹ። «በጣም» እላለሁ። ዛሬ ሳስበው ከእነሱም ከሥራ አስኪያጁም አብልጬ የምንቃት ያቺን ባለ ሐር ቀሚስ ልጅ ነው። ቀሚሱ ሲቆሽሽ ምድር ቤት ወርዶ ማስረከብ ነበረብኝ። አንድም ቀን አልወረድኩም፤ ለጓደኛዬ እሰጥና ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ እጠብቃት ነበር።