በአቡጀዲ ላይ የቆሙት አምስቱ

ከደብረ ታቦር በወጣንበት ምሽት ወልደ ሐና የያዘው ቀለሙን ብቻ ነበር። ስንቅ አላለ፣ ጋቢ አላለ! እኔ መቋሚያዬን፣ ነጠላዬንና ቆሎዬን ይዣለሁ። ሠዓሊ ሆድ የሌለው ይመስላችኋል? ገና ሃሙሲት ሳንደርስ ቆሎዬን ጨረሰልኝ።

ለምን እንደወጣን አገር ቤት ያላችሁ ታውቃላችሁ። እዚህ ገዳሪፍ ያላችሁ የስደት ወንድሞቼ ግን ስሙኝ። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ እኛ የማሕሌቱ ሰዎች ለአርበኞች ጥይት የምናሻግረው በከበሮ ውስጥ ነበር። በበዓል ቀን ከበሮ የተሸከመ ደብተራ ማን ይፈትሻል? ኋላ አንድ አፈ ልቅ አሳበቀብን። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ መጥቶ ከበሮውን በካራ ሲቀደው፣ ጥይቱም ደጀ ሰላሙ ላይ ሲዘረገፍ፣ እኔ ከቅጥሩ ኋላ ተደብቄ አየሁት። ያ ሰው ስማችንን ከነአባታችን ያውቃል፤ መልካችንን ግን አያውቅም። ስለዚህ እኔና ወልደ ሐና ወደ ሱዳን፣ የቀሩት አምስቱ ስም ለውጠው ገበሬ መስለው እዚያው። ከጋፋት ወዲያ ይሁኑ ወዲህ አልነግራችሁም። አንደኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱንም ደሴ እንበለው እንጂ ስሙ ደሴ አይደለም።

ወንዛዬ ላይ ወታደሮች ሲያስቆሙን ፍል ውኃ የምሄድ ሕመምተኛ መስዬ አነከስሁ፤ «ጉልበቴን ነው፣ ጌታዬ» እያልሁ። ድንበር ስደርስ ግን ደስታዬ ቢበዛ ቀጥ ብዬ ሄድሁ። እንግሊዙ ሹም መቋሚያዬን አየና በአስተርጓሚ ጠየቀኝ፤

«ምንድን ነው?»

«መቋሚያ።»

«አንካሳ ነህ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያው ዱላ ነው። ዱላ ክልክል ነው።»

«አንካሳ ነኝ ብልስ?»

«አንካሳ አይሠራም። አይገባም።»

ወልደ ሐና ጣልቃ ገባ፤ «ጌታዬ፣ ሲቆም ነው የሚያነክሰው፤ ሲሠራ ደኅና ነው።» ሰውየው አልሳቀም፤ እንዳለ ጻፈው! ወረቀቱ ዛሬም ከኔ ጋር ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ገዳሪፍ ሙቀቱ ራስ ያዞራል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ስስ ነው፤ ወጡን ሳይዝ ይበጠሳል። ውርጭ የሚናፍቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የደብረ ታቦር ውርጭ ናፈቀኝ። ያሳደረን ኪርያኮ የሚባል ግሪክ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ኋላ ሥዕል የሚሰቅልበት አዳራሽ አለው፤ «ጋለሪ» ይለዋል። ሰው ይገባል፣ ሥዕሉን ቆሞ ያያል፣ ሳይሳለም ይወጣል። ጉድ ነው!

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ብቸኝነቱ ነው። ማሕሌት ለብቻ አይቆምም፤ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ቀኙ ሲል ግራው ይመልሳል። አንድ ቀን በባዶው አዳራሽ ዝማሜ ጀመርሁ፤ በዜማው ልክ መቋሚያዬን ወዲያና ወዲህ እያዘነበልሁ። የኔ ተራ አለቀ። የሚመልስልኝ የለም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

«ቆይ፣ ግራውን እኔ አቆምልሃለሁ» አለ ወልደ ሐና።

አቡጀዲ ወጥሮ አምስቱን በቁመታቸው ሣላቸው። ሳያቸው ክው አልሁ።

«አንተ! መልካቸውን እንዳለ? ዞር አድርገህ ሣላቸው እንጂ፣ በጎናቸው!»

«ጻድቅን በአንድ ዓይን? በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣል ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው። እነዚህ ይሁዳ ናቸው?»

በዚህ ነገር በሬ ቢጠምዱበት አይነቃነቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ደሴ ፊት ቆሜ ዘመምሁ። «አገጩ ግን አልመጣም» ብዬ ነዘነዝሁት እንጂ።

ኪርያኮ አይቶን በደስታ አበደ፤ ለእሑድ ከሰዓት እንግዳ ጠራ። «ማሕሌት የአዳራሽ ጨዋታ አይደለም» ስለው፣ «ወይ ትቆማለህ፣ ወይ ቤቴን ትለቃለህ» አለኝ። ቃሉን ትቼ ዜማውን ብቻ ላደርግ ተስማማሁ። እሑድ ጠዋት ወልደ ሐና የደሴን ፊት እንደገና ሣለው። አገጩ መጣ። ራሱ ደሴ!

ዝማሜው መሐል ላይ ነበርሁ፣ በሩ ላይ ዓይኔ ያረፈው። ከበሮውን የቀደደው ሰውዬ! ነጋዴ መስሎ፣ ኮት ለብሶ፣ ካሜራ ይዟል። መልካቸው በፎቶ ደብረ ታቦር ከደረሰ አምስቱ አለቀላቸው። ካሜራውን ሲያነሣ ከሥዕሎቹ ፊት ገባሁ። ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ ዘመምሁ፣ ወደ ግራ ሲል ነጠላዬን ዘረጋሁ። እሱ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል፤ ዜማው እንደሚያልቅ ያውቃል። አምስት ሰው በአንድ ገላ ይሸፈናል? በአማርኛ እንዳልጮህ ሰውዬው ይሰማኛል። በዜማው ውስጥ በግዕዝ አስገባሁት፤ «ነዋ ይሁዳ ኀበ ኆኅት»፤ ይሁዳ በሩ ጋ ነው።

ወልደ ሐና ዞሮ አየ። ቡሩሹን አነሣ። እኔ ከአንዱ ፊት ዘወር ስል እሱ ይገባል፤ አፍንጫውን ያሾላል፣ አንዱን ዓይን በጥቁር ይደፍናል፤ ያ ግትር ሰው እንባው እየወረደ። እንግዶቹ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ! አራቱ ጻድቃን እያየኋቸው ይሁዳ ሆኑ። ደሴ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«አልችልም» አለ።

ካሜራው ተነሣ። ዞርሁና ነጠላዬን በሁለት እጄ ይዤ የወንድሜን ፊት ጠረግሁት። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ካሜራው ቀጭ ሲል ያገኘው የኔን ጀርባና ዝብርቅርቅ ያለ ቀለም ነው። «ብራቮ!» ብሎ ኪርያኮ አቀፈኝ። ሰውዬው ሳይሰናበት ወጣ።

ነጠላዬን አላጠብሁትም። አንዳንዴ አወጣዋለሁ፤ ዓይኑ ይሁን ጉንጩ አይለይም። የእውነተኛው ደሴም መልክ እየጠፋኝ ነው፣ ወገኖቼ! ይኼ ያስፈራኛል።

ሰሞኑን አንድ ነጋዴ ከደብረ ታቦር መጣ። አምስቱም ደኅና ናቸው አለኝ። የሥዕሉም ወሬ እዚያ ደርሷል።

«ደሴ ልኮኛል። ‹ሥለውኛል አሉ፤ እንዴት ወጣሁ?› ብሎሃል» አለኝ።

ሰውዬው በቅሎውን ጭኖ ይጠብቀኛል።

«በሁለት ዓይኑ ነበር በለው» አልሁት።

«ይኸው ብቻ?»

«አገጩም መጥቶ ነበር በለው።»