ድምፅ የሌላት ብስክሌት

ጀሶው ሲፈታልኝ ቀኝ እግሬ የእኔ አልመሰለኝም። ቀጥኗል፣ ገርጥቷል፣ ጉልበቱ ደግሞ አልታጠፍ ብሎ እንደ ዘነዘና ቀጥ ብሏል። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀቢቾ ደርሼ ስመለስ ከጭነት መኪና ላይ ዘልዬ ወርጄ ነው የሰበርኩት። ሹፌሩ «ቆይ፣ ሰው ይደግፍሽ» ሲል «ምን ሆኜ ነው!» ያልኩት እኔው ነኝ። ጥጋብ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የሆስፒታሉ ድሬሰር ሽማግሌ ሰው ነበሩ። እግሬን አንስተው ሊያጥፉት ሲሞክሩ ጩኸቴን ለቀቅኩት። «ልጄ፣ መጮኹን ጩኺ፤ ግን ካላሠራሽው እንዲሁ ደርቆ ይቀራል» አሉኝ። «ብስክሌት ብታገኚ ጠዋት ጠዋት ፔዳል ብትመቺ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም።»

ጉልበቴ ካልታጠፈ ክፍል መግባት የሚባል ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ካልደረስኩ ክፍሌን ለሌላ መምህር ሰጥቶ እኔን መጋዘን እንደሚያስቀምጠኝ እያፈረ ነገረኝ። መጋዘን! ጠመኔ ስቆጥር ልውል! የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነበር፤ ከቤታቸው ሀዲይኛ ብቻ ይዘው መጥተው በሁለት ወር ውስጥ በአማርኛ የሚሰዳደቡ ልጆች። እነሱን ለሌላ ሰው አልሰጥም አልኩ።

ብስክሌቱ ግን እንዴት ይሁን? በዚያን ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ያገባች ሴት፣ ያውም መምህርት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ብስክሌት ላይ ብትወጣ ወሬው ዱራሜ ድረስ ይሰማል። ደግሞስ በአንድ እግር ሚዛን ጠብቄ በዚያ ጭቃ የት ልደርስ? ግብርና ቢሮ የሚሠራው ባለቤቴ ግን «ታዲያ መንገድ ላይ ማን ውጪ አለሽ? እቤት ውስጥ እንተክላታለን፤ ቆማ ትሽከርከር» አለኝ።

«ድምፅ የሌላት ከሆነች እሺ» አልኩት።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት በጭቃ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው። በዚያኛው ወገን የሚኖሩት እትዬ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። ሲያስነጥሳቸው ከዚህ ሆኜ «ይማርዎት» እላለሁ፤ ከዚያ ሆነው «ያኑርሽ» ይሉኛል። በዚያ ላይ እኛ ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ መዝሙር እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው።

ገበያው ዳር ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ነበሩ። አንደኛዋ አዲስ ቀለም ተቀብታ ታበራለች፤ ሁለተኛዋ ዝጋለች፣ የፊት ጎማዋንም ጠጋኙ ለሌላ ብስክሌት አውልቆባታል። ክራንቼን ለባለቤቴ ሰጥቼ ተቀመጥኩና የሁለቱንም ፔዳል በእጄ ወደፊት እያዞርኩ ወደ ኋላ ጎማቸው ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጠጋኙ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«እትዬ መምህርት፣ ብስክሌት በዓይን ነው እንጂ በጆሮ ይመረጣል እንዴ?»

«የኔ በጆሮ ነው! ምን አገባህ?» አልኩት። የምታበራዋ ስትዞር ጭቃ መከላከያዋ ይንቀጫቀጫል፤ የዛገችው ግን ዝም ብላ ትዞራለች። እሷን አልኩ። የማትሄድ ብስክሌት የፊት ጎማ ምን ያደርግላታል?

አናጢ ሁለት የእንጨት እግር ሠራልንና የኋላ ጎማዋን ከወለል አንስቶ አቆማት። የመጀመሪያ ቀን ስወጣባት የሳንቃ ወለላችን ከበሮ ሆነ። ባለቤቴ «እንግዲያው እንስቀላት» ብሎ ከጣሪያው ወራጅ በገመድ አንጠለጠላት፤ እኔም አብሬያት ዥዋዥዌ ተጫወትኩ። ልወድቅ ስል ግድግዳውን ይዤ ስድቤን አወረድኩበት። በመጨረሻ ዳምቦያ ያሉ ዘመዶቼ የላኩልንን ቃጫና ደረቅ የእንሰት ቅጠል በጆንያ ጠቅጥቀን ከእንጨቱ ሥር አነጠፍን። ከበሮው ጸጥ አለ። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ እንሰት የማይሆነው ነገር እንደሌለ ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

አንድ ድምፅ ብቻ እምቢ አለ። ጉልበቴ ፔዳሉን ሙሉ ዙር አያዞረውም፤ ግማሽ ድረስ እገፋና ሲያመኝ ወደኋላ እመልሰዋለሁ። ስመልሰው ታዲያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። ዘይት ብናጠጣትም ያው ነው። ጠጋኙ መጥቶ አያትና «ወደኋላ ስትመለስ መጮህ ሥራዋ ነው። ወደፊት ብቻ ከመቷት ዝም ትላለች» አለኝ።

«ወደፊትማ ማን ጠልቶ!» አልኩት።

እንዲህ ስል ሳምንታት አለፉ። ጠዋት ጠዋት መስኮት ዘግቼ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ እቆይና ብርድ ልብስ አልብሻት እወጣለሁ። አንድ ቀን እትዬ በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ጠዋት የምሰማው ምንድን ነው?» አሉኝ። እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? አፈርኩ። ብስክሌት ላይ እወጣለሁ ማለቱ ከበደኝና «ስፌት መኪና ነው» አልኩ።

በማግስቱ ጨርቅ ይዘው መጡ። «እስቲ የዚህችን ጠርዝ ምቺልኝ።»

«ውይ እትዬ፣ ተበላሸብኝ እኮ!»

እሳቸውም «አይዞሽ» ብለው ሄዱ። በነጋታው ግን ያው ድምፅ ይሰማል። እትዬ ክፋት የሌለባቸው ሴት ናቸው፤ ግራ ሲገባቸው የቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ «ተበላሽቷል ትለኛለች፣ ሲሠራ ግን እሰማለሁ፤ ምን ዓይነት መኪና ይሆን?» ብለው አወሩ። በዚያ ዘመን መስኮት ተዘግቶ፣ ያውም ጴንጤ ቤት ውስጥ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል መኪና ምን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የተከለከለ ጽሑፍ ማባዣ ነዋ!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ከያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ገቡ። ባለቤቴ ለሥራ ሞርሲቶ ሄዶ ነበር። እትዬ ከኋላቸው ነጠላቸውን እየጎተቱ «ኧረ እኔ አፌ ይቆረጥ! ኧረ እኔ ለዚህ ብዬ አይደለም!» ይላሉ።

«ማባዣ መኪና አለ ተብለናል» አሉ ሊቀመንበሩ። ዓይናቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነው። «ምንድን ነው የሸፈኑት?»

ልብሱን ገፈፍኩት። የፊት ጎማ የሌላት ብስክሌት፣ በጆንያ ላይ ተተክላ። ሦስቱም ጠጋ ብለው አዩአት። አንደኛው ጠባቂ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ዳበሰና የእንሰት ቅጠል ይዞ ተነሣ።

«ምን ትሠሪባታለሽ?» አለኝ።

«ጉልበቴን!» አልኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ።

«እስቲ ያሳዩን» አሉ ሊቀመንበሩ።

ከዚህ ነበር የተደበቅኩት፤ ይኸው ሦስት ወንድ ፊት ብስክሌት ላይ ልወጣ ነው። ቀሚሴን ሰበሰብኩና ወጣሁባት። በንዴት ፔዳሉን ረገጥኩት። ሁልጊዜ የምመለስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው፤ እነሱ ፊት አልመለስም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ገፋሁት። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ለቀቅ አለ። ፔዳሉ ላይ ወጣ፣ አለፈ፣ ወረደ።

«ዞረ!» ብዬ ጮህኩ፣ በከምባትኛ። እንደገና ገፋሁት፤ እንደገና ዞረ። እትዬ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው እልልታውን አቀለጡት።

ሊቀመንበሩ ግን ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። «ይቺማ ድምፅ የላትም» አሉ። «ድምፅ ያላትን ያምጡ።»

ሳምንታት ሙሉ የለመንኩት ጸጥታ አሁን መጥቶ ሊያሳስረኝ ነው። ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ገፋሁና ሆን ብዬ ወደኋላ መለስኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«እሷ ናት! በእግዚአብሔር ስም እሷ ናት!» አሉ እትዬ።

«ታዲያ ቅድም ለምን ዝም አለች?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጉልበቴ ስለዞረ ነዋ!» አልኩ። «እስከ ዛሬ ግማሽ መንገድ ሄጄ ስመለስ ነበር የምትጮኸው። አሁን ዞረ። ከእንግዲህ አትሰሟትም። ልጆቼ ጋ ልመለስ ነው፣ ክፍሌ ልገባ ነው!» ብስክሌቷ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ።

ሊቀመንበሩ ጠባቂዎቹን በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስወጧቸው። እሳቸው ግን አልወጡም። ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበቴን አዩ።

«የማባዣው ነገር ይቅር፤ እስቲ አንዴ ይድገሙት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ደገምኩት።