ጥላሸት የተቀቡት ዶሮዎች

ዋይትሆል በምትባለው የስደት ከተማችን የታችኛው ጎረቤቴ በረንዳው ላይ የሥጋ መጥበሻ ግሪሉን ሲያጥብ እርጥብ የጥላሸት ሽታ በመስኮቴ ገባ። ኮቪድ ይዞኝ ከሚስቴና ከልጄ ተለይቼ መኝታ ቤት ከተዘጋሁ ወዲህ ያሸተትኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። አፍንጫዬ የተሻለ ምርጫ አያጣም ነበር፤ ይሄኛው አክስቴን ይዞብኝ መጣ።

ልጅ ሳለሁ፣ አክስቴ ከሳንባ ነቀርሳ ድና እኛ ቤት በመጣች ሰሞን፣ ሽለምጥማጥ የአንዷን ዶሮ ጀርባ ቦጨቀው። ለብቻዋ አቆየናትና ሲሻላት ወደ ጓደኞቿ መለስናት። ቀዩን ጠባሳ ሲያዩ ተረባርበው ይነቁሯት ጀመር።

አክስቴ ነጥቃ አወጣቻት። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ በውሃ በጠበጠችና ጠባሳውን ቀባችው። ከዚያ ጤነኞቹንም እየያዘች ጀርባቸውን ታጠቁር ገባች።

"እትዬ፣ እነሱ እኮ ምንም አልሆኑም!"

"ለዚህ ነዋ! እሷን ብቻ ብቀባት ለይቼ ሰጠኋቸው ማለት አይደል? አውራውንም አምጣልኝ፤ እሱ ማን ስለሆነ ነው!"

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "አበድሽ እንዴ?" እያለች ሳቀች። አክስቴ አልሳቀችም። ዶሮዋ መሃላቸው ገባች፤ አንዷም አልነቆረቻት። አክስቴ እጇ እንደጠቆረ ቆማ ስታያቸው ቆየችና፣

"ምናለ ለሰውም በሠራ" አለች።

ያኔ አልገባኝም። ማታ እናቴ ወተት ስትቀዳልን የአክስቴን ለብቻው በተቀመጠላት ኩባያ ቀዳችላት። እስክትሞት የጠጣችው በሱ ነው።

ልጄ ከበሩ ወዲያ ሆና፣ "ዳዲ፣ ቴስቱ ኔጌቲቭ ነው?" አለችኝ።

"ነው። ነገ እወጣለሁ።"

ከበሩ ራቅ ብላ፣ "ኦኬ... ሶፋው ላይ የት ነው የምትቀመጠው?" አለች።