በረድኤት ስም የታከመ እጅ

ሐረገወይን ዐረብ አገር፣ ሱራ ሰፈር ከሚገኘው የማዳም ቤት ከጠፋች ወዲህ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አልቆ፣ የአገሩን ፖሊስ፣ ሹርጣ፣ ባየች ቁጥር መንገድ እየቀየረች ነበር የምትኖረው። ሥራ ግን አላጣችም። የቀጠራት የዳቦ ፋብሪካ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። ፈቃድ የሌለው ሰው የሚጮህበት ቦታ እንደሌለው አሳምሮ ያውቃል።

ኮሮና ገብቶ ከተማው ሰዓት እላፊ ሲታወጅበት የዳቦ ፈላጊው በዛ። ሊጥ የሚዳምጠው ማሽን የብረት ክዳን ነበረው፤ ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑ በራሱ ይቆማል። ይህ ሥራ ያጓትታል ብሎ ተቆጣጣሪው ኢዘዲን ክዳኑን አስፈታው። ከዚያ ወዲያ ሊጥ ሲጣበቅ ሴቶቹ ማሽኑ እየዞረ በእጃቸው ይልጡት ጀመር። ሐረገወይንም እንደ ሌሎቹ ስትልጥ ጓንቷን ያዘባት። ማሽኑ እስኪጠፋ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ሄደዋል።

ኢዘዲን እጇን በፎጣ ጠቅልሎ በመኪናው ወሰዳትና ሐኪም ቤቱ በር ላይ አወረዳት። "አታውቂኝም፣ አላውቅሽም" ብሎ ሄደ። ደግ ሰው ነው፣ እስከ በሩ አድርሷል።

ከመኪናው ደውላላት ስለነበር በሩ ላይ ረድኤት ደረሰችላት። አባሲያ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ። ረድኤት ሳባህ አል-ሳሌም ሰፈር ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ኢቃማዋም ሙሉ ነው።

"የኔን በጣቃ ስጫቸው" አለቻት መታወቂያዋን እያቀበለች።

"ፎቶው እኮ አንቺ ነሽ።"

"ማስክሽን አታውልቂ። ማን ያይሻል?"

አባሲያ ባሉ ሴቶቻችን ዘንድ ይህ ነውር የለውም። ኢቃማ ያላት ለሌላት፣ በታመመች ጊዜ፣ ጫማ እንደማዋስ በጣቃዋን ታውሳለች። ነርሷም ቀና ብላ አላየችም። ሐረገወይን ረድኤት ተብላ እጇ ተሰፋ።

ቁስሉ ሳይደርቅ አባሲያ በወረርሽኙ ምክንያት ታጠረች። ፋብሪካው ስልኳን አላነሳ አለ። ሲቸግራቸው ዮሴፍ ለሚባል፣ የሠራተኛ ክስ ለሚያውቅ አስተርጓሚ ደወሉ።

"ኢቃማ ባይኖርሽም ፋብሪካውን መክሰስ ትችያለሽ" አላት። "ክዳኑ መፈታቱን የሚመሰክር አለ?"

"አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ልጆች እሺ ብለውኛል።"

"ጎሽ። የሐኪሙስ ማስረጃ? በስምሽ ነው አይደል?"

ሐረገወይን በረድኤት በጣቃ እንደታከመች ነገረችው።

"ወይ እህቴ። ሐኪም ቤቱ መዝገብ ላይ እኮ ጣቷ የተቆረጠው ረድኤት ናት። እውነቱን ከተናገርሽ ደግሞ እሷ በጣቃ አዋሰች ተብላ ትያዛለች።"

ረድኤት አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። "ተናገሪ፣ ብያዝም ልያዝ" አለች። እጆቿ ግን በጣቃዋን ጨብጠው ነበር። ደብረ ብርሃን እናቷ ጋ የተወቻቸው ሁለት ልጆች የሚበሉት በእነዚያ እጆች ነው። ሐረገወይን እጆቿን አየች። ጣቶቿን ከቆረጠው ማሽን ይልቅ ይህ ነው ያመማት።

ያን ሰሞን ምህረት ወጣ፤ ኢቃማ የሌለው ሁሉ ያለ ቅጣት አገሩ ይግባ ተባለ። ሐረገወይን ልብሷን በፌስታል ይዛ መመዝገቢያ በተደረገው ትምህርት ቤት ተሰለፈች።

አሻራ የሚያነሳው ወጣት ፖሊስ የቀኝ አመልካች ጣትሽን አምጪ አላት። እጇን ዘረጋችለት። ልጁ ከወንበሩ ተነሳ። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ የደነገጠላት ባለ መለዮ አላየችም፤ ዕንባዋ መጣ።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?" አላት በዐረብኛ። "የምትከሺው ሰው ካለ ንገሪኝ፣ እዚሁ አስመዘግብልሻለሁ።"

የፋብሪካው ስም፣ የተፈታው ክዳን፣ የኢዘዲን መኪና፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

"የት ነው የታከምሽው?" ሲል ጨመረ።

"አልታከምኩም" አለች። "በር ነው፣ የቤት በር። ራሴ ነኝ የዘጋሁት።"

ፖሊሱ ጥቂት አያትና ተቀመጠ። "እንግዲያው የግራሽን አምጪ" አለ።