ምርቃት በአፎልተርን

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ሰርቬት የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ከገባች ጀምሮ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጅ ልጇን በወጉ መርቃ መሄድ። ልጄ ደግሞ እዚሁ ፈረንጅ አገር የተወለደች፣ ለምርቃት ትዕግሥት የሌላት ኮረዳ ናት። እማዬ ገና እጇን ዘርግታ «ጌታ…» ስትል፣ ልጅት በፈረንሳይኛ «መርሲ እማማ፣ መርሲ» ብላ ጉንጯን ትስምና ወደ ክፍሏ ትፈተለካለች። እማዬ እጇን እንደዘረጋች ትቀራለች።

«ምን አስቸኮላት?» ትለኛለች።

የኮሪያ ድራማ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?

የእማዬ መመለሻ ሲደርስ ልጄ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። ዙሪክ ያሉ ኮሪያውያን አዲስ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ለማንም በራቸው ክፍት ነው አሉ። ካልሄድኩ ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። እኔም እማዬን ይዘን ከሆነ እንሄዳለን፣ አለዚያ እርሺው አልኳት። ፊቷን አኮሳተረች፤ ግን እሺ አለች።

ባቡሩ ሎዛንን ሲያልፍ ውጭው ጭጋግ ብቻ ሆነ። እማዬ በመስኮቱ ስታይ ቆየችና «ኮሪያ በባቡር ይደረሳል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቀልደኛ ናት፤ ለዚያች ልጅ ግን ቀልዷ አይደርሳትም። አማርኛው ግማሹ ነው የሚገባት።

አፎልተርን በተባለው የዙሪክ ሰፈር፣ ትልልቆቹ ፎቆች መሀል ያለው አዳራሽ በር ላይ ጫማ አውልቁ ተባልን። እማዬ ለብርዱ ብላ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ ነበር፤ የላይኛው የኔ፣ ያውም የተቀደደው። ልጄ አንገቷን ደፋች። ደግነቱ የኮሪያ እናቶች አላዩም፤ ወይም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ወዲያው በስሱ የተቆረጠ የሩዝ ቂጣ ያለበት ትኩስ ሾርባ አቀረቡልን። ይህን የበላ ዕድሜው አንድ ዓመት ይጨምራል ሲባል ለእማዬ ተርጉሜ ነገርኳት።

«እኔ ይበቃኛል፣ ለልጆቹ ጨምሩላቸው» አለች እማዬ፣ ሳህኗን እያጸዳች።

ከዚያ የልጆቹ ተራ ሆነ። አንድ ሽማግሌ የሐር ልብሳቸውን ለብሰው ትራስ ላይ ተቀመጡ። ልጆች በየተራ ፊታቸው ተንበርክከው ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ይደፋሉ፣ እሳቸውም ይመርቋቸዋል። ልጄ ቀድማ ተሰለፈች። ተንበረከከች፣ ግንባሯን ደፋች፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለችም።

እማዬ ጴንጤ ናትና «ስግደት ለጌታ ብቻ ነው» ብላ ጀመረች።

«ስግደት አይደለም እማዬ። እንደኛ ጉልበት መሳም ነው።»

ልጅቱን አየቻት። ቀስ ብላም «ለእሳቸው ጊዜ አላት» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። በልጄ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ ሰው ባይኖር እቆነጥጣት ነበር።

ሽማግሌው ሊተዋወቁን መጡ። ኮሪያዎች ሲተዋወቁ ዕድሜ ይጠይቃሉ። ልጄ የአያቷን ስትነግራቸው እማዬ ትበልጣቸዋለች። ታላቅ ቆማ እኔ አልቀመጥም ብለው ቦታቸውን ለቀቁላት። ጉልበቷ እሺ ስለማይላት ወንበር መጣላት።

«መመረቅ ከሆነ አውቅበታለሁ» ብላ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ልጅ ግንባሩን ደፋ። እማዬ እጇን ዘርግታ «እደግ፣ ተመንደግ፣ ክፉ አይይህ፣ ለወላጆችህ ጧሪ ያድርግህ» ብላ አወረደችውና አሜን እስኪል ጠበቀች። ልጁ የት አውቆ! አሜን ያልተባለ ምርቃት ደግሞ ለእማዬ አልደረሰም ማለት ነው፤ እንደገና ከእደግ ጀመረች። የልጁ ጆሮ ቀላ። ሰልፉ ቆመ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ዞርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ እደግ ስትል ልጄ ሮጣ ሄደችና ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ ሹክ አለችው።

«አሜን!» አለ ልጁ፣ ተነሥቶም አመለጠ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ልጄ ከወንበሩ አጠገብ አልራቀችም። ለሚመጣው ሁሉ አሜን እያሰኘች፣ መጨረሻ ላይ ከእነሱ በላይ እየጮኸች፣ የሰውን ልጅ ሁሉ አስመረቀች።

ሰልፉ ሲያልቅ ዞራ መጣችና ራሷ ከአያቷ ፊት ተንበረከከች። ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፋች።

እማዬ እጇን ዘረጋች። አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። ያን ሁሉ ምርቃት ለባዕድ ልጅ ስታዘንብ የዋለች ሴትዮ እንባዋ ቀደማት።  እኔም እያለቀስኩ ነበርና «እማዬ፣ በይ እንጂ» ማለት አቃተኝ።

ልጄ አልተነሣችም። ግንባሯን ከወለሉ ሳታነሣ «አሜን» አለች። ትንሽ ጠብቃ፣ እንደገና፣ «አሜን።»