በማን በኩል ይነገራት

ኔትወርክ ሳስተምር አንድ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል። ተማሪዎቼም ያውቁታል፤ «ዛሬ ቲቸር ተነስቶባታል» ይባባላሉ አሉ። ልክ ናቸው። ምዕራፉ ሩተሮች፣ ማለትም መልእክት ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚያሻግሩ መሣሪያዎች፣ እርስ በርስ መንገድ ስለሚጠቋቆሙበት ፕሮቶኮል፣ ስለ መግባቢያ ደንባቸው ነው። እኔ ግን ይህን ትምህርት የተማርኩት ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ፣ በደርግ ጊዜ፣ የካ ውስጥ ነው። ያስተማሩኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አላመሰግናቸውም።

ነገሩ ከባድ አይደለም። በዚህ በድሮው ዓይነት ፕሮቶኮል የኔትወርኩን ሙሉ ካርታ የያዘ ሩተር የለም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ጎረቤቱን ብቻ ነው። በየጊዜው ለጎረቤቱ «እኔ እዚያ ቦታ መድረስ እችላለሁ፤ ርቀቱ ይህን ያህል ነው» ይለዋል። ጎረቤቱም ያምነዋል፣ በርቀቱ ላይ አንድ ይጨምራል፣ ለሚቀጥለው ያወራል። ባጭሩ ወሬ ነው። በዚህ ወሬ መልእክት አገር አቋርጦ ከባለቤቱ ይደርሳል፤ መንገዱ እስካልተቆረጠ ድረስ። መንገዱ ሲቆረጥ የሚሆነውን ግን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ቤታችን ከሾላ ገበያ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ዳገት በሚወጣው በኩል ነበር። በክረምት ጉሙ ከተራራው ወርዶ ግቢያችን ይገባል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገችን እናቴ ናት፤ ሾላ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። ልጆቿ ሁለት ነን፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ። እኔ ኮተቤ ለመምህርነት እማር ነበር። ወንድሜን ብሔራዊ ውትድርና ብለው ወሰዱትና ወደ ሰሜን ላኩት።

ከእሱ ጋር የሚያገናኘን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእድራችን ዳኛ። የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ በኮንቮይ ወደ ሰሜን ይመላለሳሉ። እናቴ ጭኮ ትሠራለች፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ፣ ሳይበላሽ ብዙ የሚቆይ የመንገድ ስንቅ። በዱቄት ወተት ጣሳ ትጠቀጥቀዋለች፣ ጣሳውን በአበባማ ጨርቅ ጠቅልላ ትሰፋዋለች። ስፌቷ ጥርስ በጥርስ ነው፤ ማንም ከፍቶ መልሶ ሊሰፋው አይችልም። ጨርቁ ላይ የወንድሜን ስም በእስክሪፕቶ የምጽፈው እኔ ነኝ። ዳኛው ተቀብለው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱም «ደርሶታል፤ ሰላም ብሎሻል» ይሏታል። እናቴ በዚያች ቃል ወር ትከርማለች።

አንድ ክረምት ላይ ዳኛው ከሰሜን መርዶ ይዘው ተመለሱ። ከወንድሜ ጎን የነበረ ወታደር በእጁ እንደቀበረው ነግሯቸዋል። ከመንግሥት በኩል ምንም አልተባለም። ያ መንግሥት ልጅ ሲወስድ ከበሮ አስመትቶ ነው፤ ሲያስገድል ግን ቃል አይወጣውም። ዳኛው ለሚስታቸው ነገሩ፣ ሚስትየው ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለገበያተኛ። ሳምንት ሳይሞላ እስከ ጉርድ ሾላ ያላወቀ አልነበረም። ያላወቅነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ወሬው መንደሩን ሁሉ ሲያዳርስ የእኛን በር እየዘለለ ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው። መርዶ በእኛ አገር ወግ አለው። በማለዳ ይነገራል፤ ዘመድና የእድር ሽማግሌ ተሰብስበው ይገባሉ፣ ባዕድ ብቻውን አይናገርም። ዳኛው «የሥጋ ዘመድ ትንገራት» ብለው ኮተቤ ወዳለችው አክስቴ፣ የአባቴ እህት ዘንድ ሄዱ። አክስቴ ደግሞ «እኔ ብቻዬን በምን አቅሜ? እድሩ ይምጣና አብሬ እገባለሁ» አለች። እድሩ እንዳይመጣ ድንኳን ለመትከል የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቀበሌ ደግሞ «ያልተረጋገጠ የሞት ወሬ የሚነዛ የአብዮቱ ጠላት ነው» ብሏል። ዳኛው ፈሩ። ፈራሁ ማለት ግን ነውር ስለሆነ፣ ሰው «ተነገራት ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «በአክስቲቱ በኩል ይነገራታል» ይሉ ጀመር። አክስቴን ሲጠይቋት «በእድሩ በኩል ነው የታሰበው» ትላለች። መንደሩ ሁሉ አንዱን ወይም ሌላውን ያምናል፤ ሁሉም እፎይ ብሎ ይተኛል።

አሁን ወደ ሩተሮቹ ልመለስ። መንገዱ ሲቆረጥ ሁለት ጎረቤታሞች እንዲህ ይሆናሉ፦ አንደኛው መንገዱ ቢዘጋበትም ጎረቤቱ «እኔ እደርሳለሁ» ሲለው ይሰማል። ጎረቤቱ ግን የሚደርሰው በእሱው በኩል ነው! ይህን አያውቅም፤ አምኖ መልእክቱን ወደዚያ ይወረውራል፣ ያኛው ወደዚህ ይመልሳል። ርቀቱም በየዙሩ አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እኛም ቤት እንዲሁ ጨመረ። መጀመሪያ «እስከ ጁምዓ» ተባለ። ቀጥሎ «ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ»፤ ልጅቷ እኔ ነኝ። ከዚያ «ረመዳን ይውጣ»፣ ከዚያ «ክረምቱ ይግባና»።

እናቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጭኮ ትሠራለች። ዳኛውም ጣሳውን ይቀበላሉ፤ አልቀበልም ቢሉ መርዶውን መናገራቸው ነዋ! ተቀብለው «የሥጋ ዘመዱ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው አክስቴ ቤት ያስቀምጡታል።

ያገኘሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ክረምት ከትምህርት ስመጣ ዝናብ አበስብሶኝ አክስቴ ቤት ገባሁ። እሷ ማድቤት ሆና «ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር አለልሽ» አለችኝ። ምን እንዳለችኝ ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ሳይሆን አይቀርም፣ ወዲያው «ቆይ! ቆይ እኔ አወጣልሻለሁ!» እያለች ስትሮጥ ሰማኋት። እኔ ግን አጎንብሼ ነበር። ጣሳዎቹ ተደርድረዋል። አበባማ ጨርቅ፣ የእናቴ ስፌት፣ የእኔ የእጅ ጽሑፍ። አንዱም አልተከፈተም። ከመካከላቸው የአንዱ ጨርቅ ጠርዙ ተበልቷል፤ ለካ አክስቴ ለዳኛው «እርስዎ ያመጡትን እርስዎ ይመልሱ» ብላ እየሰጠቻቸው፣ እሳቸውም መልሰው እያመጡት፣ ያ ጣሳ ከኮተቤ የካ ሲመላለስ ከርሟል።

«ይሄ ምንድነው አክስትዬ?»

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለች።

የወንድሜን ሞት የሰማሁት በዚህ ቃል ነው። ሞተ አላለችኝም፣ አይዞሽ አላለችኝም፣ አላቀፈችኝም። መጀመሪያ ያሰበችው ወሬው ከእኔ እንዳያልፍ ነው። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና ክረምት... እኔ ምን ላድርግ ልጄ? እድሩ ሳይመጣ ብቻዬን እንዴት ብዬ? እሳቸው ናቸው ያዘገዩት።»

ጨርቁ ያለቀውን ጣሳ አንስቼ በዚያ ዝናብ ወጣሁ። ዳኛው ቤት ስደርስ የቆምኩት በር ላይ ነው፤ ግቢ ቢሉኝም አልገባሁም። ጣሳውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። «አክስትሽ ናት የምትነግራት ተባብለን ነበር እኮ» አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ለሽማግሌ የማይባል ነገር አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። መዋጤ ዛሬም ያናድደኛል።

«አሁን ሂጂና ዝም በይ፤ ሰው አሰባስበን በደንብ ይነገራታል» አሉኝ።

«መቼ?»

«ክረምቱ ይውጣና።»

ያ የድሮ ፕሮቶኮል ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለው። ቁጥሩ እየጨመረ አሥራ ስድስት ሲደርስ ሩተሩ «ይህ መንገድ ሞቷል» ብሎ ያምናል፤ መዞሩም እዚያ ያበቃል። ብረት ነው፣ ይሉኝታ የለውም፣ አሥራ ስድስት አለው። የእኛ ሰፈር አሥራ ስድስት አልነበረውም። ትቼው ብሄድ ኖሮ እናቴ እስክትሞት ጭኮ ትልክ ነበር፤ መንደሩም ይህን ደግነት ነው ይል ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ዛላ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። ጣሳውን ፊቷ አስቀመጥኩት። አየችው፣ በጣቷ ስፌቱን ዳሰሰችው።

«ማን መለሰው?»

«እማዬ፣ ሞቷል። አምና ክረምት ነው የሞተው።»

«ኢና ሊላሂ» ስትል ሰማኋት፤ ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ግን ልጽፈው የምችለው አይደለም። የበርበሬ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር፤ ዓይኗ መቃጠሉንም አላወቀችም። እኔ ውሃ እያፈሰስኩ ሳጥባት «ማን ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«ሁሉም።»

በየተራ ጠየቀችኝ፤ ያቺስ? ያችኛዋስ? ለእያንዳንዷ አዎ አልኩ። «እሷ እኮ ትናንት ከእኔ በርበሬ ገዝታለች፤ ‹ልጅሽ ደህና ነው ወይ› ብላኛለች» እያለች ጣቷን ታጥፋለች። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። እናቴ በሩን እንድዘጋው አዘዘችኝ። «ለቅሷቸውን ያለ እኔ ጨርሰዋል» አለች። ዘጋሁት፤ ደስም ብሎኝ ዘጋሁት።

በማግስቱ ማለዳ፣ በመርዶ ሰዓት፣ ተነሳች። ጣሳውን ታቅፋ ከጎረቤት ጀመረች፤ እኔ ከኋላዋ። በር ታንኳኳለች፣ ሲከፈት አትገባም። «ልጄ ሞተ። ልነግራችሁ ነው የመጣሁት፤ አልሰማችሁም አይደል?» ትላለች። አንዳንዷ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አንዳንዷ «እኛማ ለአንቺ ብለን...» ስትል እናቴ ሳትሰማት ወደሚቀጥለው በር ታልፋለች። መርዶው ከመጣበት ቀን ጀምሮ መንገዱን የዘጉባት ሰዎች ወሬውን ከራሷ አፍ እንዲሰሙት ነው የፈለገችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁባት ጊዜ የለም።

የመጨረሻው በር የዳኛው ነበር። መኪናቸው ደጅ ቆማለች፣ እሳቸው ሞተሩን ከፍተው ያያሉ። እናቴ ሌሎቹን እንዳለችው አለቻቸው፦ «ልጄ ሞተ። ሰምተዋል?»

እኔን አዩኝ። ከትናንት ወዲህ አዎ የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የእድር ዳኛ ናቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው «ኧረ እኔ አልሰማሁም!» አሉ፤ እንባቸውም ወረደ። እንባው የእውነት ነበር።

እናቴ ጣሳውን መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

«ታዲያ» አለች፣ «ባለፈው ወር ‹ሰላም ብሎሻል› ያሉኝ፣ ማን ብሎዎት ነው?»

የሞተር መወልወያ ጨርቃቸውን አጣጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። እናቴ መልሱን ቆማ ጠበቀች።