ለፎቶ ብዬ የቆረጥኩት ገመድ

ሙያዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ሰው «እጅሽ ይባረክ» ሲለኝ አሜን እላለሁ፤ አንድ ቀን ግን «ምነው ይህ እጄ በተቆረጠ» ብዬ ተመኝቻለሁ። ነገሩ የሆነው ሀርጌሳ ውስጥ ነው፤ ሕዝቡ ከስደት እየተመለሰ የፈረሰ ቤቱን በሚሠራበት ዘመን። ስንት ሠርግ አንስቼ ረስቻለሁ፤ የዚያን ቀን ድንጋጤዬን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሀርጌሳ የሄድኩት ዋሄን ገበያ ጨርቅ የሚነግደውን ባለቤቴን ተከትዬ ነው። በሴቶች ድግስ ላይ ወንድ ፎቶ አንሺ ስለማይፈለግ ሥራ ለማግኘት አልተቸገርኩም። አሕመድ ዳጋህ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩት እትዬ ፋዱማ ልጃቸውን ሰህራን ሲድሩ የጠሩኝም ለዚሁ ነው። የስደቱን ጊዜ ጅጅጋ ስላሳለፉ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ።

«ኒካሁ በሰላም አልቋል፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺን የፈለግሁሽ ለሔዶው ነው» አሉኝ።

«ማን ሄዶ?» አልኳቸው።

ሳቃቸው አላስወራቸውም። ሔዶ ለካ ክዳን ያለው የእንጨት ዕቃ ነው። ውስጡ በቅቤ የበሰለ ደቃቅ ሥጋና ቴምር ይሞላና ልክ እንደ ሙሽራ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በገመድ ይተበተባል። ከሠርጉ ሳምንት በኋላ ከሙሽራው ወገን አንድ ሰው ቋጠሮውን በሴቶቹ ፊት መፍታት አለበት። ካቃተው ወገኑ ሁሉ መሳቂያ ይሆናል። በቢላዋ መቁረጥማ ነውር ነው።

ያንን ሔዶ የተበተቡት የሙሽራዋ አባት አክስት ናቸው፤ ሁሉም «አዬዮ»፣ አያቴ ማለት ነው፣ እያለ ይጠራቸዋል። ዕቃውን ከጦርነቱ ሲሸሹ አዝለውት ወጥተው፣ ሲመለሱም አዝለውት ገብተዋል። ከተመለሱ ወዲህ በዚያ ቤት የሚከፈተው የመጀመሪያው ሔዶ እሱ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ ደረስኩ። ሔዶው ምንጣፍ መሐል ብቻውን ተቀምጧል። የቀረኝ አንድ ፊልም ብቻ ስለነበር እያንዳንዷን ፎቶ ተጠንቅቄ ነበር የማነሳው። ጣጣዬ ደግሞ የተዝረከረከ ነገር አለመውደዴ ነው። ከነጩ ጨርቅ ጎን የተንዘላዘለ የገመድ ጫፍ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ወደ ውስጥ ብወትፈው ተመልሶ ይወጣል። ሁለቴ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁና ቀጭ አደረግሁት። ቁራጩን ኪሴ ከትቼ ፎቶዬን አነሳሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ብዙም ሳይቆይ ሃያ የማይሞሉ ዘመዳሞች ክፍሉን ሞሉት። ፈቺው አብዲ የሚባል የሙሽራው ጓደኛ ነው፤ ያንን ቤት መልሶ የገነባው ግንበኛም እሱ ነው። ሴቶቹ «ይህ እንደ ድንጋይ አይደለም!» እያሉ ሲተርቡት እትዬ ፋዱማ በጆሮዬ ይተረጉሙልኛል። እሱም ይመልስላቸዋል። እኔም እየሳቅሁ አነሳለሁ።

ሰዓቱ ሄደ። አብዲ ዕቃውን አዙሮ አዙሮ ዳበሰው። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ተረቡ ቀዘቀዘ፤ የሙሽራው እህቶች ፊታቸው ጠቆረ። ሰህራ አንገቷን ደፋች።

«ምን አጥቶ ነው?» አልኳቸው እትዬ ፋዱማን።

«የገመዱን ጫፍ ነዋ! ጫፉ ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው።»

ክው አልኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ፤ ጫፉ እዚያ ነው። የሰው ሠርግ አበላሸሁ! አዬዮ ስንት ዓመት የጠበቁትን ቀን እኔ በመቀስ ጨረስኩት። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ አልዋሽም፣ ዝም ማለትን ነው። ማን አየኝ? ግን ከሙሽራው ወገን አንዱ ሽማግሌ «ቢላዋ አምጡና ይለይለት» ሲሉ፣ አዬዮ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

እትዬ ፋዱማን ጎትቼ ወደ ጓሮ አወጣኋቸውና ቁራጩን አሳየኋቸው። «ያ ረቢ! ምን አደረግሽ?» ብለው ፊታቸው አመድ መሰለ። ተመልሰው ገብተው አዬዮን ይዘዋቸው መጡ። እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

አዬዮ ቁራጩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ግድግዳ እስኪደገፉ ድረስ ሳቁ! እትዬ ፋዱማም ሲሰሙ ሳቃቸው እየቀደማቸው ተረጎሙልኝ።

«ማታለያ ነው፣ ልጄ! ሆን ብለው ነው ያንጠለጠሉት። ያንን የጎተተ ቋጠሮው ይብስ ይጠብቅበታል። እውነተኛው ጫፍ ከሥር ነው ያለው። አንቺማ ለልጁ ነው ያደላሽለት፤ ወጥመዱን አነሳሽለት!»

እፎይታዬን እንዴት ልንገራችሁ። እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። አዬዮ በሻሻቸው ጫፍ እንባዬን ጠረጉልኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ማንም ሳያየሽ ለምን ተናገርሽ ነው ያሉት። መልስ ሳልሰጥ ከውስጥ እልልታው ቀለጠ። አብዲ ፈትቶታል!

ሮጬ ስገባ ቋጠሮው የተፈታበት ቅጽበት አልፏል። የዕለቱ ዋና ፎቶ አመለጠኝ። ያገኘሁት የተከፈተውን ሔዶ ከበው ሁሉም አፋቸውን በቴምር ሞልተው ሲስቁ ነው። እትዬ ፋዱማ ግን አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

ለአዬዮ ጥያቄ ዛሬ መልስ አለኝ። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ሔዶው ያለ እኔም ይፈታ ነበር፤ ሰውም በልቶ፣ መርቆ ይሄድ ነበር። እኔ ብቻ ያላጠፋሁትን ጥፋት ደብቄ ዕድሜ ልኬን እሳቀቅ ነበር።